ጠርሙሱና ክዳኑ ለምን አይዋሃዱም? ፖሊመሮችን ስለሚያስታርቀው ሃይድሮጅን ቦንድ

ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ እጃችሁ ላይ አለ እንበል። ውሃው አልቋል፣ ክዳኑ ግን እንደተገጠመ ነው። ጠርሙሱም ክዳኑም በተለምዶ አነጋገር «ፕላስቲክ» ናቸው። ታዲያ ሁለቱን አንድ ላይ አቅልጠን ብናማስላቸው አንድ ወጥ የሆነ አዲስ ፕላስቲክ እናገኛለን? አናገኝም። የምናገኘው ደብዘዝ ያለ፣ በትንሽ ጉልበት የሚሰነጠቅ፣ ለብዙ ነገር የማይረባ ጓል ነው። በማይክሮስኮፕ ስታዩት ክዳኑ በጠርሙሱ ውስጥ እንደ ዘይት ጠብታ ተበትኖ፣ ለየብቻው ረግቶ ይታያል። ቁራሌው የሰበሰበው ፕላስቲክ ወደ ማቅለጫ ከመግባቱ በፊት በየዓይነቱ የሚለየው አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው።

ይህ የእነዚህ ሁለቱ ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም ባልገረመን። ነገሩ ግን ሕግ ለመሆን ምንም አልቀረውም። ሁለት ዓይነት ፖሊመር በዘፈቀደ አንስታችሁ ብታቀልጡ አብዛኛውን ጊዜ ይለያያሉ። የሚዋሃዱት ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚያ ጥቂቶች ደግሞ ብዙዎቹን ጠጋ ብላችሁ ስትመረምሩ መሃል ላይ አንድ አስታራቂ ታገኛላችሁ፦ ሃይድሮጅን ቦንድ። ውሃን በክፍል ሙቀት ፈሳሽ አድርጎ የሚያቆየው፣ የዲኤንኤን ሁለት ክሮች አጣምሮ የሚይዘው ያው ቦንድ ነው። ኋላ እንደምታዩት፣ አንድ የኤችአይቪ መድኃኒት ፍሪጅ ይፈልጋል ወይስ አይፈልግም በሚለው ጥያቄ ውስጥም እጁ አለበት።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ቃላት ልለይ። ጤፍና ሰሊጥ ይቀላቀላሉ፤ ነገር ግን ጤፉ ጤፍ፣ ሰሊጡ ሰሊጥ ሆኖ ይቀራል። ስኳር ግን ውሃ ውስጥ ሲገባ ሞለኪውል በሞለኪውል ይበተናል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ዓይነት ማይክሮስኮፕ ብታመጡ የስኳር ቅንጣት አታገኙም። በዚህ ጽሑፍ «መዋሃድ» ስል ይህን ሁለተኛውን ማለቴ ነው።

ክር ላይ የተሰካ ዶቃ

ፖሊመሮች ለምን አይዋሃዱም ከማለታችን በፊት፣ ሌሎች ነገሮች ለምን እንደሚዋሃዱ እንይ። ቤንዚንና ናፍጣ ስትቀላቅሉ ይዋሃዳሉ (መኪና ላይ ግን እንዳትሞክሩት)። ሞለኪውሎቻቸው የተለየ ፍቅር ስላላቸው አይደለም። ምክንያቱ ሌላ ነው።

1,000 ቀይና 1,000 ነጭ ዶቃ ሰፌድ ላይ አድርጋችሁ አንቀርቅቡ። ቀዩ በአንድ በኩል፣ ነጩ በሌላ በኩል ተለይተው የሚቀመጡባቸው መንገዶች በጣም ጥቂት ናቸው። ተደባልቀው የሚቀመጡባቸው መንገዶች ግን ተቆጥረው አያልቁም። ስለዚህ ማንም ሳያስገድዳቸው ይደባለቃሉ። ይህን የአቀማመጥ መንገዶች ብዛት ሳይንቲስቶች ኢንትሮፒ በሚባል መጠን ይለኩታል። የሙቀት እንቅስቃሴ ሰፌዱን ሁልጊዜ ስለሚያንቀረቅበው፣ ተፈጥሮ ወደ ብዙው መንገድ ታዘነብላለች።

አሁን 1,000ዎቹን ቀይ ዶቃዎች በአንድ ክር ላይ፣ ነጮቹን በሌላ ክር ላይ ስኳቸው። ሰፌዱን የፈለጋችሁትን ያህል አንቀርቅቡ፤ እያንዳንዱ ዶቃ ጎረቤቱን ጥሎ መሄድ አይችልም። ቀደም ሲል 2,000 ነጻ ነገሮች ነበሩ፤ አሁን ያሉት 2 ናቸው። በመደባለቅ የሚገኘው የመንገድ ብዛት በአንድ ጊዜ ተሟጠጠ።

ፖሊመር ማለት ይኸው ክር ነው። ትንንሽ ሞለኪውሎች አንዱ ከሌላው ጋር በጠንካራ ኮቫለንት ቦንድ ተያይዘው፣ በመቶዎችና በሺዎች ተደርድረው የሚሠሩት ሰንሰለት። በቁጥር እንየው። ሁለት ዓይነት ትንንሽ ሞለኪውሎችን እኩል በእኩል በ27 ዲግሪ ሴልሺየስ ስትቀላቅሉ፣ ኢንትሮፒ ብቻውን በአንድ ሞል 1,700 ጁል ገደማ የሚሆን «ግፊት» ወደ መዋሃድ ይሰጣል። ሞለኪውሎቹ እያንዳንዳቸው 1,000 ዶቃ ያላቸው ሰንሰለቶች ሲሆኑ ግን ይኸው ግፊት በአንድ ሞል ዶቃ ወደ 1.7 ጁል ይወርዳል። በ1,000 ተካፈለ ማለት ነው።

ታዲያ 1.7 ጁልም ቢሆን ግፊት ነው፤ ተቃዋሚ ከሌለው ይበቃል። ችግሩ ተቃዋሚ አለው። ሞለኪውሎች ሁሉ በመጠኑም ቢሆን እርስ በርስ ይሳሳባሉ። የአንዱን ዶቃ የመሳብ አቅም ሀ፣ የሌላውን ለ እንበለው። ቀላሉ ግምት፣ የሁለት ዶቃዎች መሳሳብ የአቅማቸው ብዜት ነው የሚል ነው። ስለዚህ ቀይ ከቀይ ሀ×ሀ፣ ነጭ ከነጭ ለ×ለ፣ ቀይ ከነጭ ደግሞ ሀ×ለ ይሆናል። ሁለት የተመሳሳይ ጥንዶችን አፍርሰን ሁለት የተለያዩ ጥንዶች ብንሠራ ምን እናጣለን? ሀ² + ለ² ነበረን፤ አሁን ያለን 2ሀለ ነው። ልዩነቱ (ሀ−ለ)² ነው። የማንኛውም ቁጥር ስኩዌር ደግሞ ከዜሮ በታች አይወርድም! በ9ኛ ክፍል ሒሳብ ብቻ አንድ ትልቅ ነገር አገኘን ማለት ነው፦ ሌላ የተለየ ነገር ከሌለ በስተቀር፣ እንግዳን መቀበል ሁልጊዜ ትንሽ ያስከፍላል።

ለቤንዚንና ለናፍጣ ይህ ክፍያ ከ1,700 ጁሉ አንጻር ምንም አይደለም። ለረጃጅም ሰንሰለቶች ግን ምንም የምትመስለው ክፍያ ከ1.7 ጁል ትበልጣለች። ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ሁለቱም እንደ ቤንዚንና ናፍጣ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠሩ፣ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ዘመድነታቸው ግን አላዋሃዳቸውም።

ሀጊንስ ሁለት ጊዜ

ከላይ ያየነውን ስሌት በወጉ የሠሩት ሁለት አሜሪካውያን ኬሚስቶች ናቸው፦ ፖል ፍሎሪና ሞሪስ ሀጊንስ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሁለቱም ለየብቻቸው ሠርተው ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደረሱ። ፍሎሪ በ1974 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ፖሊመር የሚያጠና ማንኛውም ተማሪ የፍሎሪ–ሀጊንስ እኩልታን ሳያውቅ አይመረቅም።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ሀጊንስ ነው። ገና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በ1919፣ አንድ የሃይድሮጅን አቶም በሁለት ሌሎች አቶሞች መካከል ሆኖ ሁለቱን ሊያያይዝ ይችላል የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በዓመቱ ላቲመርና ሮድቡሽ የተባሉ የዚያው ላቦራቶሪ ሰዎች ሐሳቡን ስለ ውሃ በጻፉት ጽሑፍ ሲያሳትሙ የሀጊንስን ስም ጠቅሰዋል። የሃይድሮጅን ቦንድ ታሪክ አንዱ መነሻ ይህ ነው። እናም ይኸው ሰው ከ20 ዓመት በኋላ ፖሊመሮች ለምን እንደማይዋሃዱ የሚያስረዳ እኩልታ ሠራ። ነገር ግን እኩልታው ሃይድሮጅን ቦንድን በወጉ ማስተናገድ አይችልም። ዶቃዎቹ ያለ ምንም ምርጫ እንደሚደባለቁ ይቆጥራላ! ሃይድሮጅን ቦንድ ደግሞ መራጭ ነው፤ አቅጣጫና ተስማሚ ጓደኛ ይፈልጋል። የሀጊንስ ሁለት ሐሳቦች በአንድ እኩልታ ውስጥ እስኪገናኙ ድረስ ሌላ 40 ዓመት ያህል ወስዷል። ያገናኟቸው በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ፖል ፔይንተርና ማይክል ኮልማን ናቸው፤ በአሮጌው እኩልታ ላይ ለሃይድሮጅን ቦንድ ብቻ የሚሆን አንድ ተጨማሪ ክፍል ጨመሩበት።

ጥቂት እጆች

ሃይድሮጅን ቦንድ እንዴት ይሠራል? ሃይድሮጅን ከኦክስጅን ወይም ከናይትሮጅን ጋር ሲያያዝ፣ እነዚህ አቶሞች የጋራውን ኤሌክትሮን ወደ ራሳቸው ይስባሉ። ሃይድሮጅኑ ከፊል ፖዘቲቭ ሆኖ ይቀራል። አጠገቡ ኤሌክትሮን የተትረፈረፈው ሌላ ኦክስጅን ወይም ናይትሮጅን ካለ እሱን ይይዛል። ሰጪና ተቀባይ አለ ማለት ነው፦ ሃይድሮጅኑን ይዞ የሚመጣው ሰጪ፣ ኤሌክትሮን ያለው ተቀባይ።

ጥንካሬው በአብዛኛው በአንድ ሞል 20,000 ጁል ገደማ ነው። የሰንሰለቱን ዶቃዎች ከያያዘው የካርቦን–ካርቦን ቦንድ (ወደ 350,000 ጁል) ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነው። በክፍል ሙቀት ከሚገኘው የሙቀት እንቅስቃሴ (ወደ 2,500 ጁል) ጋር ሲነጻጸር ግን 8 እጥፍ ነው። ይይዛል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይይዛል። ለማስታረቅ የሚመቸው ይኸው መካከለኛ ጠባዩ ነው።

አንድ እውነተኛ ጉዳይ እንያዝ። ፖሊስታይሪን ታውቃላችሁ፤ ግልጽ የሲዲ ማቀፊያ የሚሠራበት፣ በአየር ሲነፋ ደግሞ ለዕቃ ማሸጊያ የሚሆነው ነጭ ፎም። ሌላው ፒኤምኤምኤ ነው፤ ብዙ ሰው ፕሌክሲግላስ በሚለው ስሙ ያውቀዋል። ሁለቱም ለየብቻቸው እንደ መስታወት ጥርት ያሉ ናቸው። አንድ ላይ ስታቀልጧቸው ግን ወተት ይመስላሉ። ምክንያቱም ሁለቱ ብርሃንን የሚያጥፉበት መጠን ይለያያል (የአንዱ 1.59፣ የሌላው 1.49 ነው)፤ ስለዚህ ተለያይተው በረጉት ጠብታዎች ድንበር ላይ ብርሃኑ ይበተናል። የቀለም ጉዳይ አይደለም፤ ወተትም ሆነ ደመና የሚነጡት በዚሁ መንገድ ነው።

አሁን ኬሚስቱ አንድ ትንሽ ለውጥ ያደርጋል። ፖሊስታይሪን ላይ ካሉት ቀለበቶች በጥቂቶቹ ጫፍ አንድ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ፣ ማለትም ሃይድሮክሲል፣ ይሰካል። ፒኤምኤምኤ በበኩሉ በየዶቃው ካርቦኒል አለው፤ ይህ ከካርቦን ጋር በሁለት ቦንድ የተያያዘ ኦክስጅን ሲሆን ጥሩ ተቀባይ ነው። ሰጪ መጣ፣ ተቀባዩ አስቀድሞም ነበር።

ስንት ሰጪ ያስፈልጋል? እስቲ ገምቱ። ከ1,000 ዶቃ ግማሹ? ሩቡ? በወረቀት ላይ እንሞክረው። ፖሊስታይሪንና ፒኤምኤምኤ እኩል በእኩል ሲዋሃዱ የሚከፈለው ክፍያ በአንድ ሞል ዶቃ 25 ጁል ያህል ነው። ሃይድሮጅን ቦንድ 20,000 ጁል ይሰጣል። 20,000 ለ25 ሲካፈል 800። ለ800 ዶቃ አንድ ቦንድ!

እውነታው እንዲህ ለጋስ አይደለም። ቦንዱ እንዲፈጠር ሰንሰለቱ በተወሰነ አቅጣጫ መዞር አለበት፤ ያ ነጻነትን ያሳጣል። ሃይድሮክሲሎቹም ሥራ ፈትተው አይጠብቁም፤ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። ቢሆንም መልሱ አሁንም የሚያስደንቅ ነው፦ ከ100 ዶቃ ጥቂቶቹ ይበቃሉ። ይህን በግልጽ ካሳዩት መካከል በ1980ዎቹ በብሩክሊን የሠሩት ኤሊ ፒርስና ክዌይ ይገኙበታል። የተጠቀሙበት ዘዴ ብልሃት ነበረበት። ከሃይድሮክሲሉ አጠገብ ስድስት የፍሎሪን አቶሞች አስቀመጡ። ፍሎሪን ኤሌክትሮን ሳቢ ስለሆነ ሃይድሮጅኑን ይበልጥ ፖዘቲቭ፣ ይበልጥ ጥሩ ሰጪ ያደርገዋል። በዚያው መጠን የሃይድሮክሲሉ ኦክስጅን ድሃ ተቀባይ ይሆናል፤ ግዙፎቹ ፍሎሪኖችም መንገድ ይዘጉበታል። ስለዚህ ሃይድሮክሲሎቹ እርስ በርስ መያያዝ አይመቻቸውም። እጃቸውን ወደ እንግዳው መዘርጋት ግድ ይሆንባቸዋል።

መያያዛቸውን በምን እናውቃለን?

ጥርት አለ ማለት ብቻ አይበቃም። ሁለት ተመሳሳይ ብርሃን የሚያጥፉ ፖሊመሮች ተለያይተውም ጥርት ብለው ሊታዩ ይችላሉ፤ ዓይን ይታለላል። ሁለት የተሻሉ ዳኞች አሉ።

አንደኛው ሙቀት ነው። ማስቲካ እያኘካችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ? ማስቲካው ወዲያው ድርቅ ይላል፤ አፋችሁ ሲሞቅ እንደገና ይለሰልሳል። ብዙ ፖሊመሮች እንዲህ ከደረቅ ወደ ለስላሳ የሚያልፉበት የራሳቸው የሙቀት መጠን አላቸው። በተለያየ ሙቀት የሚለሰልሱ ሁለት ፖሊመሮች ተለያይተው ከተቀመጡ፣ ድብልቁን ስታሞቁት ሁለት ጊዜ ይለሰልሳል፤ እያንዳንዱ በየራሱ ሙቀት። ከተዋሃዱ ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመካከል ባለ ሙቀት። አንዳንዴ ሃይድሮጅን ቦንዱ ሲጠነክር የድብልቁ መለስለሻ ሙቀት ከሁለቱም በላይ ይወጣል፤ ሰንሰለቶቹ ተያይዘው መንቀሳቀስ ስለሚያቅታቸው ነው።

ሁለተኛው ዳኛ ኢንፍራሬድ ብርሃን ነው፤ እኔ ይበልጥ የምወደው ይህን ነው። የካርቦኒሉ ካርቦንና ኦክስጅን እንደ ክራር ክር ይርገበገባሉ። ሃይድሮጅን መጥቶ ኦክስጅኑን ሲይዘው የሁለቱ ቦንድ በጥቂቱ ይላላል፤ የላላ የክራር ክር ደግሞ ድምፁ ይወርዳል። ፖሊቪኒል አሲቴትን እንውሰድ፤ የአናጢ ነጭ ኮላ ዋና ነገሩ እሱ ነው፣ በብዙ ማስቲካ ውስጥም አለ። ካርቦኒሉ ብቻውን ሲሆን የሚውጠው ብርሃን በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ 1,740 ገደማ ሞገዶች ያሉት ነው። በየቀለበቱ ሃይድሮክሲል ካለው ፖሊቪኒልፌኖል ጋር ስታዋህዱት አጠገቡ ሌላ ጉብታ ብቅ ይላል፣ 1,710 አካባቢ። አንደኛው ጉብታ ነጻ ካርቦኒሎች፣ ሁለተኛው የተያዙት ናቸው። የጉብታዎቹን ስፋት በማነጻጸር ከመቶ ስንቱ እንደተያዘ መቁጠር ይቻላል። ፔይንተርና ኮልማን እኩልታቸውን የገነቡት በዚህ ዓይነት ቆጠራ ላይ ነው።

(በነገራችን ላይ ፖሊቪኒልፌኖል የላቦራቶሪ መጫወቻ ብቻ አይደለም። ዘመዶቹ የኮምፒውተር ቺፕ ላይ ጥቃቅን መስመሮችን በብርሃን ለመቅረጽ ያገለግላሉ።)

እጅ ሲበዛ

«ጥቂት እጅ ጥሩ ከሆነ ብዙ እጅ ይሻላል» ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። ጋቢያችሁን አስቡት። ጥጥ ሴሉሎስ ነው፤ በእያንዳንዱ ዶቃ ላይ ሦስት ሃይድሮክሲል አለው። ውሃ ደግሞ የሃይድሮጅን ቦንድ ንጉሥ ነው። እንግዲያው ጋቢ ሲታጠብ ሳፋው ውስጥ እንደ ስኳር ሟምቶ መጥፋት ነበረበት! የማይሟሟው አንዱ ምክንያት የሴሉሎስ ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተደርድረው እርስ በርሳቸው አጥብቀው ስለተያያዙ ነው። እንግዳ የሚጨብጠው ነጻ እጅ በቀላሉ አያገኝም። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ሃይድሮጅን ቦንድ አለ ወይ?» ሳይሆን «ከማን ጋር መያያዝ ይሻላቸዋል፣ ከራሳቸው ወይስ ከእንግዳው?» የሚለው ነው።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ለእንግዳው ያለው ፍቅር ሲበዛ ይገኛል። ፖሊአክሪሊክ አሲድና ፖሊኢትሊን ኦክሳይድ ለየብቻቸው ውሃ ውስጥ ይሟሟሉ፤ ሁለቱም ብርጭቆዎች ጥርት ያሉ ናቸው። አሲድ ጨመር አድርጋችሁ አንዱን በሌላው ላይ ስታፈሱ ግን ውሃው ወዲያው ይደፈርሳል፣ ነጭ ነገር ይዘቅጣል። አልተዋሃዱም ማለት ነው? እንዲያውም ከመጠን በላይ ተዋደዋል። የአንዱ ሰጪዎች ከሌላው ተቀባዮች ጋር እንደ ዚፕ ከዳር እስከ ዳር ተቆላልፈው፣ መሃል የነበረውን ውሃ አስወጥተው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ወረዱ። በሻንጋይ ፉዳን ዩኒቨርሲቲ ጂያንግ ሚንግና ባልደረቦቹ ሃይድሮክሲል ባላቸው የፖሊስታይሪን ሰንሰለቶች ላይ የሰጪውን ብዛት ቀስ በቀስ እየጨመሩ ሙሉውን ጉዞ ተከታትለዋል፦ መጀመሪያ መለያየት፣ ከዚያ መዋሃድ፣ በመጨረሻም እንዲህ ያለ መቆላለፍ።

ሙቀትም ነገሩን ይገለብጠዋል። ስኳር በትኩስ ሻይ ውስጥ ይበልጥ እንደሚሟሟ ለምደናል። በሃይድሮጅን ቦንድ የተዋሃዱ ፖሊመሮች ግን ሲሞቁ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ሙቀቱ እጅ ለእጅ የተያያዙትን ሲያላቅቃቸው ያ የጥንቱ (ሀ−ለ)² ብቻውን ይቀራል።

ፍሪጅ የማያስፈልገው ኪኒን

ይህ ሁሉ ከቤተ ሙከራ ውጭ ምን ይጠቅማል ለሚል፣ አንድ ታሪክ አለ። ሪቶናቪር የኤችአይቪ መድኃኒት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በ1996 ተፈቀደ። በ1998 ያልተጠበቀ ነገር ተከሰተ። በካፕሱሉ ውስጥ ያለው መድኃኒት ከዚያ በፊት ታይቶ በማይታወቅ ሌላ ዓይነት ክሪስታል መልክ መርጋት ጀመረ። በዚህ አዲስ ክሪስታል ውስጥ የሪቶናቪር ሞለኪውሎች በጠንካራ የሃይድሮጅን ቦንድ መረብ እርስ በርስ ተያይዘዋል። እንደ ጋቢው ማለት ነው፦ ከራሳቸው ጋር ስለተያያዙ መሟሟት እምቢ አሉ። የማይሟሟ መድኃኒት ደግሞ ተውጦም ወደ ደም አይደርስም። ካፕሱሉ ከገበያ ወጣ፤ ሕይወታቸው በመድኃኒቱ ላይ የተንጠለጠለ ሰዎች መራራውን የፈሳሽ ዓይነት ለመጠጣት ተገደዱ። በኋላ የመጣው ለስላሳ ካፕሱል፣ በ2000 ከሎፒናቪር ጋር ተጣምሮ የወጣውም ጭምር፣ ፍሪጅ የሚፈልግ ነበር። መብራት በሌለበት ገጠር ለሚኖር ታካሚ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

መፍትሔው የመጣው ከፖሊመር ነው። ኮፖቪዶን የሚባል ሰንሰለት አለ። ሁለት ዓይነት ዶቃ አለው፤ አንደኛው ቪኒልፒሮሊዶን ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ የምታውቁት ነው፦ ቪኒል አሲቴት፣ ያ የኮላውና የማስቲካው ዶቃ። ሁለቱም ካርቦኒል አላቸው፤ በተለይ የፒሮሊዶኑ በጣም ጥሩ ተቀባይ ነው። ሪቶናቪርና ሎፒናቪር በበኩላቸው ከናይትሮጅንና ከኦክስጅን ጋር የተያያዙ ሃይድሮጅኖች፣ ማለትም ሰጪዎች፣ አሏቸው። መድኃኒቱና ፖሊመሩ አንድ ላይ ቀልጠው በማሽን ተደፍጥጠው ሲወጡ፣ የመድኃኒቱ ሞለኪውሎች በሰንሰለቶቹ መካከል አንድ በአንድ ተበትነው ይረጋሉ። እዚያ ተይዘው እርስ በርስ ተፈላልገው ክሪስታል መሥራት ያቅታቸዋል። ሃይድሮጅን ቦንዱ ብቻውን አይደለም የሚይዛቸው፤ የፖሊመሩ ድርቀትም ያግዛል፤ ነገር ግን ከራስ ይልቅ ከእንግዳ ጋር እንዲያያዙ የሚያደርገው እሱ ነው።

በ2005 የተፈቀደው ይህ ኪኒን ፍሪጅ አይፈልግም። በቀን 6 ካፕሱል ይወስድ የነበረ ሰውም 4 ኪኒን በቃው። ሙቀት በሚበዛባቸውና ፍሪጅ እንደ ልብ በማይገኝባቸው አገሮች ለሁለተኛ ደረጃ የኤችአይቪ ሕክምና ለዓመታት ካገለገሉት መድኃኒቶች አንዱ ሆነ።

እንዲህ ዓይነት ኪኒኖች አንድ ጠላት አላቸው፤ እርጥበት። ውሃ ሰጪም ተቀባይም ስለሆነ በመድኃኒቱና በፖሊመሩ መካከል ገብቶ እጃቸውን ያስለቅቃል፤ ፖሊመሩንም ያለሰልሰዋል። ቀስ በቀስ መድኃኒቱ የራሱን ወገን እያገኘ መርጋት ይጀምራል። መድኃኒት ከነማሸጊያው በደረቅ ቦታ ይቀመጥ ሲባል፣ ለእነዚህ ኪኒኖች አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ወደ ጠርሙሱ እንመለስ

ታዲያ ይህን ብልሃት ለጠርሙሱና ለክዳኑ ለምን አንጠቀምበትም? ጠርሙሱ ፔት ከሚባል ፖሊመር የተሠራ ነው፤ በየዶቃው ካርቦኒል፣ ማለትም ተቀባይ፣ አለው። ክዳኑ ግን ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው። ካርቦንና ሃይድሮጅን፣ በቃ። ሰጪም ተቀባይም የለውም፤ የሚዘረጋው እጅ የለውም። እጅ ልንተክልለት እንችላለን፤ ኬሚስቶች በሰንሰለቱ ላይ ኦክስጅን ያላቸውን ክፍሎች በመለጠፍ ይህን ይሠራሉ። ውጤቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ውህደት ሳይሆን ጠብታዎቹን ማሳነስና ድንበራቸውን ማጣበቅ ነው። ዋጋም ይጨምራል። በቢሊዮን ለሚቆጠሩ ክዳኖች አሁን ድረስ ርካሹ መንገድ ማስታረቅ ሳይሆን መለየት ነው።

መለየቱን ራሳችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ከጠርሙሱም ከክዳኑም ትንሽ ትንሽ ቁራጭ ቆርጣችሁ አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሩ። የአየር አረፋ እንዳይዝ ቁራጮቹን በጣታችሁ እርጥብ አድርጓቸው። ፔት ከውሃ 1.4 ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ ስለዚህ የጠርሙሱ ቁራጭ ይሰምጣል። የክዳኑ ይንሳፈፋል። መልሶ የሚያመርቱ ፋብሪካዎችም የተፈጨውን ፕላስቲክ በትልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ የሚለዩት በዚሁ መንገድ ነው።